ለኔትወርክ የገባ ስለት

ሰው ብሎክ የማድረግን ያህል ቀላል ሥራ አላየሁም። ጉልበት አይጠይቅ፣ ዕውቀት አይጠይቅ፣ ተነሥ ቁም አይል፤ ሶፋ ላይ እንደተጋደሙ በአንድ ጣት ያልቃል። መፍታቱ ነው ጉዱ። እኔ አንድ ሰው ከብሎክ ለመፍታት አንድ የመጋረጃ ሱቅ፣ ሁለት ባለጥልፍ ጃንጥላና አንድ ደብር ከነማይክሮፎኑ አስፈልጎኛል። ላጫውታችሁና ፍረዱኝ፤ ብቻ ስትፈርዱ ረጋ ብላችሁ። እናንተም ስልካችሁ ውስጥ የታሰረ ሰው እንዳለ አውቃለሁ።

ብሎክ ያደረግኩት ሰው ታምሩ ይባላል። አብሮ አደጌ ነው። አብሮ አደጌ ስል እንደው በአንድ ሠፈር ያደግን ማለቴ አይደለም፤ በአንድ ግድግዳ ነው ያደግነው። ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በነበረ አንድ ግቢ ውስጥ የእነሱ ቤት የቀኝ ግድግዳ የእኛ ቤት የግራ ግድግዳ ነበር። ጭቃው አንድ ነው፤ ቀለሙ ግን በእነሱ በኩል ሰማያዊ፣ በእኛ በኩል ክሬም።

ይህን ግድግዳ ከሁላችንም አብልጠው የተጠቀሙበት እናቴና የታምሩ እናት እትዬ ዘነበች ናቸው። ቋንቋ ፈጥረውለት ነበር። አንድ ጊዜ ኳ ከተደረገ «ነይ» ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ «ሽንኩርት አለሽ?» ነው። ደጋግሞ ከተመታ «ዝናቡ መጣ፣ ልብሱን አንሺ!» ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሚስማር ሊመታ ሲፈልግ አስቀድሞ እትዬ ዘነበችን ያስፈቅድ ነበር። አለዚያ እትዬ ዘነበች በጠራራ ፀሐይ ልብስ ሊያነሡ እየሮጡ ይወጣሉ።

ከዚያ ሠፈሩ ፈረሰ። ስለዚህ ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ግድግዳው በነበረበት ቦታ ዛሬ ያማረ የእግረኛ መንገድ አለ፤ መብራት ይበራበታል፤ ሙሽራ ፎቶ ይነሣበታል። እነ ታምሩ ከከተማው ዳር፣ ወዲያ ማዶ ኮንዶሚኒየም ገቡ። እማዬ ደግሞ «እኔ ከቂርቆስ ደወል አልርቅም» ብላ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ወደተከራየሁት ቤት መጣች። የመጣች ሰሞን ሽንኩርት ስትከትፍ ሳታስበው እጇ ይሄድና ግድግዳውን ኳ ኳ ታደርጋለች። ከግድግዳው ማዶ ያለው ወንደላጤ ጎረቤቴ ሙዚቃ ቀንስ የተባለ እየመሰለው ይቀንሳል። ምስኪን፣ በመጨረሻ ጭራሽ መስማቱን ተወው።

መላውን ያመጣነው እኔና ታምሩ ነን። እሑድ እሑድ፣ እናቶቻችን ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ የራሳቸው ስልክ ስለሌላቸው በእኔና በእሱ ስልክ በቪዲዮ እናገናኛቸው ጀመር። እማዬ ለቪዲዮ ጥሪ የምትዘጋጀው ሠርግ እንደተጠራች ሴት ነው። ፀጉሯን ቅባት ታስነካለች፣ የታጠበ ነጠላ ትለብሳለች፣ ወንበሩን ወደ ብርሃን ትጎትታለች። ስልኩ ሲነሣ ግን ከእጄ ትነጥቅና ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች። እትዬ ዘነበችም በዚያ በኩል እንዲሁ። ስለዚህ በእኔ ስልክ ላይ የእትዬ ዘነበች ጆሮ፣ በታምሩ ስልክ ላይ የእማዬ ጆሮ እየታየ ሁለት ጆሮዎች እስኪበቃቸው ሲጨዋወቱ ያረፍዳሉ። «እማዬ፣ ፊታቸውን እዪው እንጂ» ስላት «ፊቷን አውቀዋለሁ» ትለኛለች። ከዚያ በኋላ ግድግዳ መምታት ተወች። ወንደላጤውም ሙዚቃውን ከፈተ።

እንግዲህ ጠቡ የመጣው በዚህ መሐል ነው።

የሠፈራችን ልጆች፣ ልጆች ስል የልጅ አባቶች ማለቴ ነው፣ የምንገናኝበት የቻት ግሩፕ አለን። እኔ ኡራኤል አካባቢ ባለ አንድ ቢሮ የሰው ጽሑፍ አርማለሁ። የሚታረም ሲጠፋ ስሜት ይመጣብኛል። አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲሁ መጣብኝና ስለ ድሮ ግቢያችን ረጅም ጽሑፍ ጽፌ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩ። «በዚያ በግራሩ ጥላ ሥር…» እያለ የሚቀጥል፣ እኔን ራሴን ያስለቀሰኝ ጽሑፍ ነው። ልብ ጎረፈልኝ። የሚያለቅስ ፊት ጎረፈልኝ። አንዷማ «መጽሐፍ ለምን አትጽፍም?» አለችኝ። በዚህ መሐል ታምሩ ብቅ ብሎ አንድ መስመር ጻፈ።

«ግራር አልነበረም። ብሳና ነው።»

ይኸው ነው። አድናቆት የለ፣ ሰላምታ የለ። እኔም በትሕትና «ታምሩ፣ ግራር ነው» አልኩት። እሱም «ብሳና ነው፤ ቅጠሉን እኮ ዕቃ እናጥብበት ነበር» አለ። ግሩፑ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ባሕር ማዶ ያሉት ሳይቀሩ ከእንቅልፋቸው እየተነሡ ወገን ያዙ። አንዱማ «ኧረ የመብራት እንጨት ነው፤ ዛፍ አልነበረንም» ብሎ ሁለታችንንም አስቆጣን። ድሮ ቢሆን በሩን ከፍተን ወጥተን እናየው ነበር። አሁን የት ሄደን እንየው? ዛፉ የለ፣ ግቢው የለ። እኔ እንደሆንኩ ፎቶ ፍለጋ የድሮ አልበም ሁሉ አገላብጫለሁ። በሁሉም ፎቶ ላይ ሰዉ አለ እንጂ ዛፉ የለም። ዛፉ ሥር ቆመን ስንነሣ ዛፉን ማን ልብ አለው?

በመጨረሻ ታምሩ «አንተ ድሮም ከቤት አትወጣም ነበር፤ ዛፉን በመስኮት ነው የምታውቀው» ብሎ የሚስቅ ፊት ደረደረበት። እኔም «አንተ እንኳን ግራርና ብሳና፣ ጎመንና ሰላጣ አትለይም» አልኩና ከግሩፑ ወጣሁ። ወጥቼም አልበረደልኝ፤ ታምሩን ብሎክ አደረግኩት። እንዴት ያለ እፎይታ መሰላችሁ! ጥርስ እንደተነቀለለት ሰው ቀለለኝ። ራቴንም ጥሩ አድርጌ በላሁ።

እሑድ መጣ። እማዬ ፀጉሯን ተቀብታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ብርሃኑ ጋ ተቀምጣ እጇን ዘረጋችልኝ።

«በል፣ ዘነቡን አገናኘኝ።»

የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ ብሎክ ያደረግኩት ታምሩን ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ የእትዬ ዘነበችንም ጆሮ አብሬ ዘግቼዋለሁ።

«እማዬ… ኔትወርክ የለም።»

እውነቱን ለምን አልነገርካትም ትሉኝ ይሆናል። እስቲ እናንተ ንገሯት! ፀጉሩ ወደ ኋላ የሸሸ ጎልማሳ እናቱ ፊት ቆሞ «በዛፍ ምክንያት ከታምሩ ጋር ተጣላሁ» ይበላት? አልቻልኩም። በቃ፣ ኔትወርክ የለም።

በቀጣዩ እሑድም ኔትወርክ የለም። እማዬ ግን ነገር እንዲሁ የምትተው ሴት አይደለችም። ባለሱቁን «ወደ ኮንዶሚኒየሙ ኔትወርክ አለ ወይ?» ብላ ጠየቀች። ከቅዳሴ የሚመለሱትን ሴቶች አንድ በአንድ ጠየቀች። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሻላል ያላት ሰው ኖሮ እኔን ግቢው መሐል ወንበር ላይ አቁማ፣ ስልኬን ወደ ሰማይ አስይዛ፣ «ወደ ቀኝ… ትንሽ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ… መጣ?» ትለኛለች። እኔም እንደ ሐውልት እጄን ዘርግቼ «አልመጣም» እላለሁ። ወንደላጤው ጎረቤቴ ከበሩ ብቅ ብሎ «ብሮ፣ የኔ እኮ ፏ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ሆትስፖት ልክፈትልህ?» አለኝ። እሱን ያየሁበትን ዓይን እስከ ዛሬ አልረሳልኝም መሰለኝ፤ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል።

በማግሥቱ ቢሮ አስፈቅጄ እንድወጣ አደረገችና እየጎተተች ወደ ስልክ መሥሪያ ቤት ወሰደችኝ። ወረፋ ይዘን፣ ተራችን ደርሶ፣ መስኮቱ ጋ ቀረብን። እማዬ ለተቀመጠችው ወጣት ሠራተኛ ነገሩን ከግድግዳው ጀምራ ነገረቻት። ልጅቷ አንጀቷ ተላወሰ መሰለኝ፤ «ስልኩን እስቲ ልየው» አለች። ሰጠኋት። የታምሩን ስም ከፈተች። ከስሩ ምን ተጽፎ እንዳለ እኔ አውቃለሁ። እሷም አነበበችው። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ በዓይኔ ለመንኳት፤ የምትወጂው ሰው ካለ በሱ ሞት አልኳት በዓይኔ።

«እማማ፣ መስመሩ ደህና ነው» አለች ቀስ ብላ። «ችግሩ ከዚህ በኩል ነው።» በእጇ ስልኩን ትጠቁም እኔን ትጠቁም አልታወቀም።

«ይስተካከላል የኔ ልጅ?»

«ይስተካከላል። ትንሽ ጊዜ ይስጡት። እምቢ ካለ ግን ይዘውት ይምጡ።»

በዚያ ሳምንት አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ቆሜ ቁልፍ ስፈልግ ከውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ኳ። አንድ ጊዜ ብቻ። የወንደላጤው ሙዚቃ ቀነሰ። እማዬ ግድግዳ መምታት ጀምራለች፤ ያውም ሽንኩርት ፈልጋ አይደለም፤ «ነይ» ነው ያለችው። ማንም እንደማይመጣ እያወቀች ነው የመታችው።

ታዲያ ወዲያው አልፈታኸውም? ትሉኛላችሁ። አልፈታሁትም! ስልኩን አወጣሁ፣ ስሙን ከፈትኩ፣ ጣቴን አስጠጋሁና ቆምኩ። እኔ ብፈታው «ብሳና ነው» ማለቴ አይደለምን? ተመልከቱ የሰው ልጅ ጭንቅላት የሚውልበትን! እናቴ ከግድግዳ ጋር እያወራች እኔ ስለ ቅጠል አስባለሁ።

ልቤን የሰበረው ስለቱ ነው። አንድ ቀን ራት ላይ እማዬ ጉርሻዋን ዋጥ አድርጋ «ተስያለሁ» አለችኝ።

«ለምን?»

«ለኔትወርኩ ነዋ። ካስተካከለልኝ ለቂርቆስ ባለጥልፍ ጃንጥላ አስገባለሁ ብያለሁ።»

ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሥዕል ተመለከተች። ሕፃኑ ቂርቆስ ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር የእሳት ነበልባል መሐል ቆሟል። እኔን እኔን የሚያየኝ መሰለኝ።

«እማዬ፣ ለኔትወርክ ስለት ይሳላል እንዴ?»

«ለምን አይሳልም? አንተ ስትታመም ተስያለሁ። ፈተናህን እንድታልፍ ተስያለሁ።»

«ያን ጊዜ እኮ ወደቅኩ።»

«እኔም አላስገባሁም። እኔና እሱ እንተዋወቃለን።»

ከታምሩ ጋር መጣላት አንድ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን የገባ ነገር ግን ሌላ ነው። ሰማዕቱ ምንም በማያውቀው ጉዳይ፣ ባልተበላሸ ኔትወርክ፣ ስሙ ሊነሣ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ኡራኤል በምሄድበት ታክሲ ውስጥ፣ ትከሻዬ በሰው መሐል እንደተጨመቀ፣ ስልኬን አውጥቼ ታምሩን ፈታሁት።

አሁን ደግሞ ምን ብዬ ልጻፍለት? «ሰላም» አልኩና አጠፋሁት፤ ኮስታራ ሆነ። «ታምሩዬ» አልኩና አጠፋሁት፤ ተለማማጭ ሆነ። «እንዴት ነህ፣ ጠፋህ እኮ» አልኩና ራሴም አፈርኩ። በመጨረሻ «ሰላም ነው?» ብዬ ላክሁ። አልደረሰም። ፎቶው የለም፤ በሱ ቦታ ግራጫ ክብ አለ። ደወልኩ፤ አንዴ ጠርቶ ይቋረጣል። አጠገቤ የተቀመጠች ገበያ የምትሄድ የምትመስል ሴት፣ ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ አብራኝ ስታነብ ኖሯል።

«ብሎክ አድርጎሃል» አለችኝ።

«እኔን?»

«አዎ። ወንድሜም እንዲህ ነው ያደረገኝ። በአካል ሄደህ አግኘው፤ በቃ።»

ወይ ድፍረት! እኔን ብሎክ? እኔ ብሎክ ያደረግኩት በቂ ምክንያት ኖሮኝ ነው፤ እሱ ምን አግኝቶ? ደሜ ፈላ። መልሼ ብሎክ ላደርገው ስል ሴትዮዋ ዓይኗን ከስልኬ አላነሣችም። አፍሬ ኪሴ ከተትኩት።

ታምሩ ባምቢስ አካባቢ መጋረጃ ይሸጣል። ከቢሮዬ በእግር የሚደረስ ነው፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ኔትወርክ የጠፋው በዚህች ርቀት ነበር። በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ሱቁ በር ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ በመጨረሻ ከኋላዬ የሚመጣ ደንበኛ ገፋ አድርጎ አስገባኝ። ታምሩ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጨርቅ ያጥፋል። አየኝ። ፊቱ ላይ አንዳች ነገር ሳይነበብ፦

«ምን ልርዳዎት ጌታዬ?» አለኝ።

በእርስዎ! አብረን አፈር የበላን ሰዎች! ከብሎክ የባሰ ብሎክ ካለ ይህ ነው።

«መጋረጃ ፈልጌ ነበር» አልኩ እኔም ኮስተር ብዬ።

«የሳሎን ነው የመኝታ ቤት?»

«የ… የመስኮት።»

«ስፋቱን ያውቁታል?»

አላውቀውም። ያለኝ መስኮት አንድ ነው፤ እሱንም ለክቼው አላውቅም። «ይህን ያህል» ብዬ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ታምሩ ሜትሩን አውርዶ ክንዴን ከጣት እስከ ጣት ይለካ ጀመር። እጄን እንደዘረጋሁ ቆሜያለሁ፤ እሱ ደረቴ አጠገብ ደርሷል። ከስቷል። የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቶታል። ልቤ ተነካና ሳላስበው አመለጠኝ።

«እትዬ ዘነበች ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። እናትዎስ?»

«ደህና አይደለችም። ማለቴ፣ ጤና ነች፤ ግን ኔትወርክ የለም ብያት…»

ሜትሩ ከእጁ አምልጦ ሸርተት አለ።

«ምን አልካት?»

እርስዎ ቀረ።

«ኔትወርክ የለም አልኳታ። ምን ልበላት?»

«አንተ! እኔም እኮ ለእማዬ ኔትወርክ የለም ነው ያልኳት!»

ተያየን። እሱ ቀድሞ ፈነዳ፤ ከዚያ እኔ። የጨርቅ ጥቅልል ላይ ተደግፈን እስኪያመን ሳቅን። ያ ገፍቶ ያስገባኝ ደንበኛ ፈርቶ ወጣ።

«በረንዳ ላይ አውጥታ ስልክ ታስይዘኛለች» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «አራተኛ ፎቅ! ወደ ውጭ ዘንበል በል ትለኛለች!»

«እኔን ወንበር ላይ ነው የምታቆመኝ።»

«ያ ምን አላት? የኔዋ እኮ ተስላለች!»

ሳቄ ቆመ። «ለማን?»

«ለቂርቆስ። እዚያው ኮንዶሚኒየሙ አጠገብ ቤተ ክርስቲያን እያለ፣ አይ፣ ቂርቆስ ነው አለች። ጃንጥላ።»

«ባለጥልፍ?»

«በምን አወቅክ?»

ነገርኩት። እናቶቻችን ሳይነጋገሩ አንድ ዓይነት ስለት ተስለዋል፤ የሁለቱም ስለት የሚደርሰው በእኛ ጣት ነው። ታምሩ ስልኩን አወጣ። አወጣ እንጂ አልነካውም።

«አንተ ቅደም» አለኝ።

«እኔ ጠዋት ፈትቼሃለሁ።»

«ምን አውቃለሁ? አይታየኝ።»

«ስላገድከኝ ነዋ የማይታይህ!»

«መጀመሪያ ማን አገደ?»

ልንጀምረው ነበር። ደግነቱ ያቺ አንዲት ኳ ትዝ አለችኝ፤ «ታምሩ፣ እማዬ ግድግዳ እየመታች ነው» አልኩት። ሌላ ነገር አላልኩም። ጣቱ ወዲያው ወረደ። ፊቱን በደንብ የሚያሳይ ፎቶው ስልኬ ላይ ብቅ አለ። ፊት ለፊቱ ቆሜ «ሰላም» ብዬ ጻፍኩለት። ፊት ለፊቴ ቆሞ «ሰላም» ብሎ መለሰልኝ። ቀጥሎም «ብሳና ነው ግን» ብሎ ጻፈ። ልብ ላክሁለት።

መጋረጃውን ግን ሸጠልኝ። «ለክቼ ቆርጬዋለሁ» አለ፤ ንግድ ንግድ ነው። አሁን ቂርቆስ በምትገኘው ጠባብ ቤቴ፣ የአንዲቷን መስኮት ግራና ቀኝ አልፎ ወለል የሚጠርግ ወይን ጠጅ መጋረጃ አለ። ወንደላጤው ጎረቤቴ አዳራሽ የከፈትኩ መስሎታል።

ያን ዕለት ወደ ቤት የገባሁት እየሮጥኩ ነው። «እማዬ! ኔትወርኩ ተሠራ! ነይ ልደውልልሽ!»

ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። «ተመስገን» አለች። «ስለቴን ሳላስገባ ግን አልነካውም።»

የቂርቆስ ወርኃዊ በዓል ቅርብ ነበር። በዕለቱ እማዬ ነጭ በነጭ ለብሳ ከፊት፣ እኔ በላስቲክ የተጠቀለለ ቀይ ባለጥልፍ ጃንጥላ ታቅፌ ከኋላ ሄድን። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ ከታክሲ የሚወርዱ ሰዎች አየሁ። ታምሩ ነው፤ አረንጓዴ ጃንጥላ ታቅፏል። ቀጥሎ እትዬ ዘነበች ወረዱ። ሠፈሩ ከፈረሰ ወዲህ በአካል ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። እማዬ ቆመች።

«ዘነቡ!»

«አልማዝዬ! አንቺ ነሽ?»

ተቃቀፉ። ትከሻ ለትከሻ እየተለዋወጡ ሳሙ፣ ሳሙ፤ ሰው መግቢያ አጣ። ስለ ኔትወርክ አንድም ቃል አልተነሣ። እትዬ ዘነበች በተቃቀፉበት የጣታቸውን አንጓ አጠፍ አድርገው የእማዬን ጀርባ መታ አደረጉ። አንድ ጊዜ። እኔና ታምሩ እርስ በርስ መተያየት አልቻልንም፤ እሱ የጃንጥላውን ዘርፍ፣ እኔ ጫማዬን እናያለን። ዓይኔ እንባ አዘለ፤ አልደብቃችሁም።

ከቅዳሴ በኋላ ስለት ያስገቡ ሰዎች በማይክሮፎን ይነገር ጀመር። እኔ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። ያ ሁሉ ምዕመን ፊት «ኔትወርክ ተሠርቶላቸው» ሊባል ነው። «ወለተ ማርያም» አለ ድምፅ ማጉያው፤ የእማዬ የክርስትና ስም ነው። «ተዘግቶባቸው የነበረውን በር ሰማዕቱ ስለከፈተላቸው ጃንጥላ አስገብተዋል!» እልል ተባለ። «ወለተ ጊዮርጊስ! ተዘግቶባቸው የነበረውን በር…» ደግሞ እልል ተባለ። ኔትወርክ የሚል ቃል የለም። ገረመኝ፤ ግን ስለተረፍኩ ብዙም አልመረመርኩትም።

ስንወጣ አጥሩ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ታምሩ አላስቻለውም።

«እንደው ለነገሩ፣ ግቢያችን የነበረው ዛፍ ምን ነበር? ብሳና አይደል?»

«የቱ? ጽዱ?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ምን ጽድ አለና ዘነቡ? ኮሽም ነው እንጂ» አለች እማዬ።

«ኮሽም? አልማዝ፣ ኮሽሙ እኮ ከአጥሩ ውጭ ነው!»

«ውጭ? እኔ በእጄ የለቀምኩትን?»

የእትዬ ዘነበች አንገት ቀና አለ፤ የእማዬ ነጠላ ተስተካከለ። እኔና ታምሩ ደነገጥን። «ኔትወርኩን እንሞክረው!» አልን በአንድ አፍ። ስልክ አወጣን፣ ተደዋወልን፣ ለየእናቶቻችን አቀበልን። ሁለቱም ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ትከሻቸው ተነካክቶ፣ አንዷ ሌላዋን በስልክ ትሰማለች። ስልኮቹ እርስ በርስ ድምፅ እየተቀባበሉ ያፏጫሉ፤ እነሱ ግን ግድ አልሰጣቸውም።

ወደ እማዬ ጎንበስ ብዬ «ማይክሮፎኑ ላይ ኔትወርክ ሳይሉ ቀሩ እኮ» አልኳት።

ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ አየችኝ። «ኔትወርክ ተበላሽቶ ነበር እንዴ?»

«እ…»

«ራት ላይ በዚሁ ስልክ ቪዲዮ እያየህ ስትስቅ ኔትወርክ ነበረ። ለዘነቡ ብቻ ነው የሚጠፋው?»

ጆሮዬ ጋለ። ታምሩን አየሁት፤ እሱም ከእናቱ ወገን ተመሳሳይ ነገር ሳይደርሰው አልቀረም፤ አንገቱን ሰብሯል።

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን ተሳልሽ? ያውም ለቂርቆስ?»

«ቂርቆስ ሕፃን ነው» አለችኝ። «የሕፃን ጠብ ይገባዋል ብዬ ነዋ።»

ከዚያ ፊቷን ወደ ስልኩ መለሰች።

«ዘነቡ፣ አለሽ?»

«አለሁ» አሉ እትዬ ዘነበች፣ ከጎኗ።